የምርጫ ትዝታና የማስረጃ ሚዛን፤ ከከሚሴ የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ካሴት ነው። በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን ለማዘጋጀት፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ወደምትገኘው ከሚሴ ተጉዤ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ቃል ግጥም ስሰበስብ፣ ከግጥሙ ጎን ለጎን ሰዎች ስለ ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. የክልልና የወረዳ ምርጫ የሚያስታውሱትን እመዘግብ ነበር። በጽሑፌ አራተኛ ምዕራፍ ላይ «የአካባቢው ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ በምርጫው ተካፍሏል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ለዚህ ዐረፍተ ነገር ያቀረብኩት ማስረጃ የአንዲት እናት ቃል ነው። ጽሑፉ ጸደቀልኝ፤ ተመረቅሁ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ተማሪዎች ያን ዐረፍተ ነገር በየጽሑፋቸው ሲጠቅሱት አየሁ፤ አልፎ አልፎም ደስ ይለኝ ነበር።

ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ በምክንያት ካሴቱን አውጥቼ እንደገና አዳመጥሁት። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። እናቲቱ የሚናገሩት በኦሮምኛ ነው። አስተርጓሚዬ የነበረው የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ቃላቸውን ሲመልስ «ምርጫው ጊዜ ማልደን ወጥተን ተሰለፍን ይላሉ» ሲል ይሰማል። ይሁን እንጂ ከእሱ ድምፅ በፊት፣ በኦሮምኛው ንግግር መካከል፣ እናቲቱ አንድ የአማርኛ ቃል ሁለት ጊዜ ሲጠሩ በግልጽ ይሰማል፤ ቃሉ «ምዝገባ» ነው። «ምርጫ» የሚለውን ቃል ከቃለ ምልልሱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልጠሩትም።

ይህ አነስተኛ የሚመስል ስሕተት የምርጫ ታሪካችን በምን ዓይነት ማስረጃ ላይ እንደሚቆም እንዳስብ አስገድዶኛል። በዚህ ጽሑፍ የምሞክረውም የራሴን ስሕተት እንደ ምሳሌ በመውሰድ፣ በምርጫና በፖለቲካ ክርክር ዙሪያ የሚቀርብ ምስክርነት እንዴት ቢመዘን እንደሚበጅ ማመልከት ነው።

ቦታውና ዘመኑ

ዛሬ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ተብሎ የሚጠራው የአማራ ክልል አካል ቀድሞ በወሎና በሸዋ ሥር ከነበሩ አካባቢዎች የተዋቀረ ነው። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ባቲና ደዌ ሐረዋ ወረዳዎቹ ናቸው፤ ዋና ከተማው ከሚሴ ነው። የቦርከና ወንዝ የጨፋን ረግረጋማ ሜዳ ያጠጣል፤ በበጋ የአፋርም የኦሮሞም ከብት ይሰማራበታል። በእሑዱ የሰንበቴ ገበያና በሰኞው የባቲ ገበያ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩና አርጎባው አንዱ በሌላው ቋንቋ ይገበያያል። እዚህ አካባቢ በአንድ ንግግር ውስጥ ሁለት ቋንቋ መስማት የተለመደ ነው። የእናቲቱ «ምዝገባ» የሚል ቃልም ከዚሁ የመጣ ነው።

ስያሜው ራሱ አከራካሪ እንደሆነ አንባቢ ልብ ይሏል። ዞኑን አንዱ «ኦሮሚያ ዞን»፣ ሌላው «ልዩ ዞን»፣ ሦስተኛው «የብሔረሰብ ዞን» ይለዋል። ከዞኑ አጠገብ ያለችውን የሰሜን ሸዋ ከተማም አንዱ አጣዬ፣ ሌላው ኤፌሶን ይላታል። ተናጋሪው ገና ስም ሲጠራ የቆመበትን ቦታ ያሳያል። ይህ ግን ተናጋሪውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ከየት ሆኖ እንዳየ ብቻ ይነግረናል።

የ1984ቱ ምርጫ በምን ሁኔታ እንደተካሄደ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሐምሌ 1983 ዓ.ም. በወጣው የሽግግር ዘመን ቻርተር መሠረት የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች እንዲመረጡ ተወሰነ። የሽግግር መንግሥቱ አባል የነበረው የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ምርጫው ሊካሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ራሱን አገለለ፤ ወዲያውም ከመንግሥቱ ወጣ። ከ200 በላይ የውጭ ታዛቢዎች ቢሰማሩም ለዚያን ያህል ሰፊ አገር ቁጥሩ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በኦሮሞ ነዋሪዎች አካባቢ «ሕዝቡ በነቂስ ወጥቷል» ወይም «ሕዝቡ አልወጣም» ማለት ተራ የትዝታ ጉዳይ አልነበረም። የመጀመሪያው አባባል ለምርጫው ሕጋዊነት፣ ሁለተኛው ለራቀው ድርጅት አቋም ምስክር ሆኖ ይቆጠር ነበር። እኔ ግጥም ሰብሳቢ ነኝ ብዬ ሳላውቀው የጻፍኳት ዐረፍተ ነገር አንዱን ወገን ደግፋ ቆማለች።

የሼኹ ጥያቄ

በዚያው በ1990 ዓ.ም. ጉዞዬ፣ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አንድ ሼኽ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። ከሰዎች የሰማሁትን ታሪክ ሳወራላቸው ሼኹ «ከማን ሰማኸው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እሱስ ከማን?» አሉ። አላውቅም አልኩ። «እንግዲያው ያንተ ወሬ ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ ወዲያ አይሄድም» ብለው ወደ ሌላ ጨዋታ አለፉ። አባባላቸውን ለአፈ ታሪክ ምዕራፍ ይጠቅመኛል ብዬ በማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት። ለራሴ ሥራ መለኪያ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሼኹ የጠቀሱት መንገድ በወሎ ረጅም ዕድሜ አለው። በእስልምና ትምህርት አንድ ሐዲስ ሲመረመር ቃሉ ለብቻ፣ ያስተላለፉት ሰዎች ሰንሰለት ለብቻ ይታያል። ሰንሰለቱ ኢስናድ ይባላል፤ ዛሬ በአማርኛ ለጽሑፍ ማስረጃ የምንጠቀምበት «ሰነድ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው ይጠየቃል፦ ከበፊተኛው ሰው ጋር በአንድ ዘመን ኖሯል? ተገናኝተዋል? ትዝታው የጠራ ነው? የታመነ ነው? እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉ የወሎ የትምህርት ማዕከሎችና በዚሁ በከሚሴ አቅራቢያ በሾንኬ ያስተማሩት እንደ ሼኽ ጀውሃር ሐይደር ያሉ ዑለማዎች ይህን ትምህርት ለትውልድ አስተላልፈዋል። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ የእነዚህን ማዕከሎች ታሪክ ለዓለም ያስተዋወቀ ነው።

በአማርኛ የሙግት ባህልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። በ«በላ ልበልሃ» ተሟጋቹ ቋንቋ ማሳመሩ ብቻ አይበቃውም፤ ምስክሩ ያየውን ከሰማው ለይቶ እንዲናገር ይገደዳል፤ ተቃራኒው ወገንም ምስክሩን በጠብ ወይም በዝምድና ይነቅፋል። በ«አውጫጭኝ» ደግሞ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ለየራሱ ይጠየቃል። ከዚህ የምንረዳው አባቶቻችን «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» የሚለውን ምስክርነት ሳይቀበሉ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ይጠይቁ እንደነበር ነው።

«ገበሬው» የሚባል ምስክር

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ 1997 ዓ.ም. ብንሻገር፣ በቴሌቪዥንና በራዲዮ የተላለፉት የፓርቲዎች ክርክሮች ጥሩ መፈተሻ ይሆኑልናል። በአገራችን የምርጫ ታሪክ ያን ያህል የተደመጠ ክርክር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዋናዎቹ ርእሶች አንዱ መሬት ነበር። የገዢው ፓርቲ ተከራካሪዎች መሬት ይሸጥ ይለወጥ ከተባለ ገበሬው ሸጦ ወደ ከተማ ይሰደዳል አሉ፤ ከቅንጅት ወገን የነበሩት ደግሞ ገበሬው ባለቤትነት ስለሌለው ዋስትና አጥቷል አሉ። ሁለቱም «ገበሬው» ብለው በነጠላ ቁጥር ይናገራሉ፤ ሁለቱም ስለ ወደፊቱ ይተነብያሉ። በሁለቱም ንግግር ውስጥ የአንድም ገበሬ ቃል ከነቦታው ሲጠቀስ መስማት አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። ይህ ምስክር በሁለቱም ወገን ይቆማል፤ መስቀለኛ ጥያቄ ግን ሊቀርብለት አይችልም።

ከማስረጃ ይልቅ በምሳሌ የመከራከር ዝንባሌም ታይቷል። ከገዢው ፓርቲ ወገን ተቃዋሚዎችን በ1986 ዓ.ም. የሩዋንዳውን እልቂት ከፈጸመው ኢንተርሃምዌ ጋር የሚያመሳስል ቃል ሲሰነዘር፣ ቃሉ አንዳች ነገር አላስረዳም፤ ፍርሃት ግን አሳደረ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘይቤ ሐሳብን እንደሚያጎላ እናስተምራለን፤ ዘይቤ የማስረጃን ቦታ ሲይዝ የሚያደርሰውን ጉዳትም ማስተማር ይገባናል።

ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ቆጠራው ሳያልቅ ሁለቱም ወገኖች አሸንፈናል አሉ። አቤቱታ ተመርምሮ፣ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ምርጫ ተካሂዶ፣ በመጨረሻ ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109 እንዳገኙ ተገለጸ። በመካከሉ ግን በሰኔና በጥቅምት በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል። ይህን ግጭት ያጣራ ዘንድ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ታሪክ ለርእሳችን ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። የተገደሉት ሲቪሎች ቁጥር 193 መሆኑን ለምክር ቤት የቀረበው ሪፖርትም፣ ከአገር የወጡት የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻም ይስማሙበታል። የተለያዩት በፍርዱ ነው። ለምክር ቤት የቀረበው ሪፖርት የጸጥታ ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ ከመጠን ያለፈ አልነበረም ሲል፣ ከአገር የወጡት አባላት ኮሚሽኑ ቀደም ሲል በ8 ለ2 ድምፅ ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ወስኖ ነበር አሉ። ቁጥር አንድ ሆኖ ፍርድ ሁለት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። ስለዚህ «ቁጥር አይዋሽም» የሚለው ሰው ግማሹን ብቻ ተናግሯል፤ ቁጥሩን ማን ቆጠረው፣ ፍርዱንስ ማን ጨመረበት የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

ቁጥሩ ራሱ አከራካሪ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ሲገለጽ፣ ከተጠበቀው በ2 ሚሊዮን ከመቶ ሺዎች በላይ ስላነሰ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብርቱ ጥያቄ አስነሥቷል። በዚሁ ቆጠራ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሕዝብ 457,278 ተብሏል። በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል የተባለው ተከታይ ቆጠራ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተላለፈ። በቆጠራ ላይ ውክልናም በጀትም ይመሠረታል። የከሚሴዋ እናት «ምዝገባ» ሲባሉ ማልደው መውጣታቸውም ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ የ1977ቱን ረኀብ ላሳለፈ የወሎ ሰው በመዝገብ መስፈርና አለመስፈር የመብላትና ያለመብላት ጉዳይ ነበርና።

የ2013 ዓ.ም. ክርክር

ካሴቱን ያስወጣኝ ምክንያት ይህ ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በጅሌ ጥሙጋና በአካባቢያቸው ግጭት ተነሣ፤ በሚያዝያ አገረሸ፤ አጣዬ ተቃጠለች። ጊዜው የአገር አቀፍ ምርጫ ዋዜማ ነበር። የአንድ ፓርቲ ሁለት የክልል ቅርንጫፎች ሳይቀሩ እርስ በርስ የሚቃረን መግለጫ አወጡ። አንደኛው ታጣቂዎች ሕዝባችንን ጨፈጨፉ ሲል፣ ሌላኛው የክልል ልዩ ኃይል ሕዝባችንን ገደለ ይላል። «ሕዝባችን» የሚለው ቃል በሁለቱም መግለጫ ውስጥ አለ፤ የሌላው ወገን ሟች ግን በሁለቱም ውስጥ ስም የለውም። በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሞቱት ሰዎች፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንደገለጸው፣ በመጋቢቱ ብቻ 303 ነበሩ። ስለ ሚያዝያው ዋና እንባ ጠባቂው ዶክተር እንዳለ ኃይሌ እስከ 200 ሰው ሞቶ ሊሆን እንደሚችል ሲናገሩ፣ መረጃው የተገኘው ከተፈናቃዮች መሆኑን አብረው ገልጸዋል። ይህ የእንባ ጠባቂው አነጋገር በኔ ግምት የሚመሰገን ነው፤ ቁጥሩን ከነሰንሰለቱ ሰጥተዋልና። ቁጥሩን ያሰራጩት አብዛኞቹ ተናጋሪዎች ግን ሰንሰለቱን ቆርጠው ቁጥሩን ብቻ ወሰዱ።

በእነዚያ ሳምንታት በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባዬ የዞኑ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከመንግሥት ጋር እንደቆመ ለማስረዳት የእኔን ዐረፍተ ነገር ከነገጽ ቁጥሩ ጠቀሰ። ሌላው ተነሥቶ ያ ምርጫ ሐሰት ነበር፤ ጽሑፉም ካድሬ ያጻፈው ነው አለ። የከሚሴ ተወላጅ የሆነ አንድ ወጣት መምህር ከኋላ ተቀምጦ ሁለቱንም ያዳምጣል፤ አልተናገረም። በዚያ ሳምንት ዘመዶቹ የት እንዳሉ አያውቅም ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ካሴቱን ፈለግሁ።

ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ከ1984ቱ ጋር ዕለቱም ወሩም አንድ ነው። ከ436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410 አገኘ፤ በጸጥታ ምክንያት በዕለቱ ድምፅ ያልተሰጠባቸው የምርጫ ክልሎችም ነበሩ። ወደፊት አንድ ተማሪ ወደ ከሚሴ ሄዶ «የሰኔ 14ቱ ምርጫ እንዴት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መላሹ ስለ የትኛው እንደሚናገር አስቀድሞ ይለይ።

የአስተርጓሚው ቃል

በ2014 ዓ.ም. አስተርጓሚዬ የነበረውን ልጅ አፈላልጌ በስልክ አገኘሁት። አሁን የልጆች አባት ነው። ካሴቱን በስልክ አሰማሁትና «ለምን ምርጫ አልክ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ አንተ የጠየቅኸው ስለ ምርጫ ነበራ። እሳቸው ስለ እህል ምዝገባ ሲያወሩ፣ ነገሩ ከጥያቄህ እንዳይወጣ ብዬ ነው። ደግሞም ደስ እንዲልህ ፈልጌ ነበር» አለኝ።

ካሴቱን መልሼ ሳዳምጥ እውነቱን ነው። ጥያቄዬ «በ84ቱ ምርጫ ጊዜ ሰው በብዛት ወጥቶ ነበር አይደል?» የሚል ነው። «አይደል?» የምትለዋ ቃል መልሱን ይዛ ገብታለች። ዐረፍተ ነገሬን የጻፍነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ በጥያቄዬ፣ ልጁ በደግነቱ፣ እናቲቱ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር በመናገራቸው። የካድሬ እጅ አልነበረበትም፤ እንዳይኖርበት ያደረገው ግን ጥንቃቄዬ አይደለም።

በመጀመሪያ ንዴቴ ጽሑፉን ገልብጬ «ሕዝቡ የወጣው ምርጫ መሆኑን ሳያውቅ ነው» ብዬ ለማረም አስቤ ነበር። ልጁ ግን «የእኔ አባት መርጠዋል፤ ማንን እንደመረጡም ነግረውኛል» አለኝ። አንዲት እናት የሺዎችን መውጣት ማስረዳት ካልቻሉ፣ የሺዎችን ማታለልም ሊያስረዱ አይችሉም። በአንድ ምስክር የሠራሁትን ስሕተት በዚያው በአንድ ምስክር ላርመው ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት፣ የምርጫ ትዝታና የፖለቲካ ክርክር የሚያጠና ተማሪ አምስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ ቢይዝ እላለሁ። ተናጋሪው አየ ወይስ ሰማ፤ ከሰማስ ከማን? የተናገረው ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በየትኛው ቋንቋ ተናገረ፤ ማንስ አስተረጎመው? ጠያቂው ምን ብሎ ጠየቀው? «ሕዝቡ»፣ «ገበሬው»፣ «ሕዝባችን» የሚለው ቃል ሲወጣ በስም የሚታወቅ ስንት ሰው ከሥሩ ይቀራል? «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚለው ብሂል የሚያዝዘንም ይህንኑ ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ከወገንተኝነት ነፃ ያወጡናል ማለቴ አይደለም። ሼኹም ወገን አላቸው፤ እኔም አለኝ። ጥያቄዎቹ የሚጠቅሙት ወገናችን ከማስረጃችን በላይ ሲናገር እንዲይዙን ነው። በከሚሴና በአጣዬ መንገድ ላይ ያለ ማስረጃ የተነገረ ቃል በሰው ሕይወት እንደሚከፈል አይተናል።

እናቲቱ በሕይወት የሉም። የካሴቱን ቅጂ ለልጃቸው ልኬአለሁ። በመመረቂያ ጽሑፌ ቅጂ ላይም፣ በአራተኛው ምዕራፍ ከዚያች ዐረፍተ ነገር አጠገብ፣ የሚከተለውን ማረሚያ አያይዣለሁ፦ «ይህን የሚያስረዳ ማስረጃ አልነበረኝም። አንዲት እናት ለእህል ምዝገባ ማልደው ወጥተው እንደተሰለፉ ነግረውኛል፤ እኔ ምርጫ ብዬ ጻፍኩት።»